በልጅነታችሁ ካንሰር ታክማችሁ ድናችኋል፤ አሁንስ? ጤናን እና መንፈስን የመጠበቂያ ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው አንድ ዓይነት ታሪክ ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። አንድ ወጣት በልጅነቱ ካንሰር ይዞት ታክሞ ይድናል። ዕድሜው 20 ሲገባ "ከዛሬ ጀምሮ ራሴን እጠብቃለሁ" ይላል። ጂም ይመዘገባል፣ ጣፋጭ ያቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ደረቱን ወጋ ያደርገዋል ወይም ድካሙ አላስነሳ ይለዋል። "ተመልሶ ቢሆንስ?" ብሎ ይደነግጣል። ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈራዋል፤ ጂሙም ክትትሉም አብረው ይቀራሉ።

እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። በ8 ዓመቴ የደም ካንሰር ታከምኩ። በ19 ዓመቴ ልቤ ያለ ምክንያት እየዘለለ፣ አምስት ወር ሙሉ ሐኪም ሳላይ ቆየሁ።

ብዙዎቻችን የምንወድቀው ከስንፍና አይደለም፤ ተራውን ስለምናዛባ ነው። ሰውነታችን ምን እንደተሰጠው ሳናውቅ ልናሠራው እንነሳለን። ፍርሃቱን ሳንነካ ልማዱን ልንቀይር እንታገላለን። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ፍርሃቱ፣ ከዚያ አካሉ። ይህን ተራ አትዝለሉ።

መመሪያው ሕክምናቸውን ለጨረሱ ወጣቶች ነው። አሁን በሕክምና ላይ ያላችሁ የሐኪማችሁን ትእዛዝ ብቻ ተከተሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ፎልደር፣ አንድ ደብተር፣ የስልካችሁ ካላንደር እና አንድ ሰው ያዙ። ሰውዬው የሥጋ ዘመድ ባይሆንም ችግር የለም። ስትደውሉ የሚያነሳ፣ ስታለቅሱ የማይደናገጥ ይሁን። ከአሁኑ "ለሁለት ሦስት ወር የጤናዬን ጉዳይ ልከታተል ነው፤ አንዳንድ ቀን አብረኸኝ ትሄዳለህ?" በሉት።

በሳምንት አንድ ሰዓት መድቡ። ሁሉን በአንድ ሳምንት ልጨርስ ያለ ሰው በሁለተኛው ሲያቆም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሚከተሉት አንዱ ካለባችሁ ማንበቡን አቁሙና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

- የደረት ሕመም፣ ቁጭ ባላችሁበት ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት
- ጠዋት ጠዋት የሚብስና የሚያስመልስ ራስ ምታት፣ አዲስ የሚጥል ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል
- ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት ወይም የቆዳ መበለዝ
- ጣፊያችሁ ወጥቶ ወይም ጨረር አርፎበት ከሆነ፣ 38.3 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት። ለሌላው ሰው ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ ግን ድንገተኛ ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም
- ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ። ያን ሰው አሁኑኑ ደውላችሁ ጥሩት። እስኪመጣ ብቻችሁን አትቀመጡ፣ ልትጎዱበት የምትችሉትን ነገር ከአጠገባችሁ አርቁ። ከዚያ አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን አግኙ

"የሕክምና ማጠቃለያ" ይባላል። የቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ያኔ በ19 ዓመቴ ሐኪሟ "ምን ምን መድኃኒት ወስደሃል?" ስትለኝ "ቀዩን" አልኳት። በልጅነቴ የማስታውሰው ያንን ነበር፤ በቱቦ የሚወርደውን ቀይ ፈሳሽ፣ ከዚያም ቀይ ሆኖ የሚወጣውን ሽንት። እሷ አልሳቀችም። "ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ነው ወይስ ዳውኖሩቢሲን? በጠቅላላው ስንት ሚሊ ግራም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም ልብን ሊጎዱ ይችላሉ። አደጋውን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ በድምሩ የተሰጠው መጠን ነው።

1. የታከማችሁበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሂዱ። መታወቂያ፣ የድሮ ካርድ ቁጥር፣ ያኔ የተመዘገባችሁበትን ስም እና የታከማችሁበትን ዓመት ያዙ። ስማችሁ ያኔ በሌላ ፊደል ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

2. "ፋይሌን ስጡኝ" አትበሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመስኮት መስኮት ያንከራትታል፤ እኔን ሦስት ጊዜ መልሶኛል። "የሕክምና ማጠቃለያ፣ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት እና የጨረር ሕክምና ሪፖርት" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የማመልከቻውን ቅጂ አስቀሩ።

3. ደብተራችሁ ላይ እነዚህን ስምንት መስመሮች ጽፋችሁ ሙሉ፦ የካንሰሩ ዓይነትና የታወቀበት ቀን፤ የእያንዳንዱ ኬሞ (ካንሰርን የሚገድል) መድኃኒት ስምና ጠቅላላ መጠን፤ ጨረር ከነበረ የት የአካል ክፍል ላይና ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፤ ቀዶ ሕክምና፤ የመቅኔ ንቅለ ተከላ፤ ደም ተሰጥቶ እንደሆነ፤ በሕክምናው ጊዜ የገጠመ ከባድ ችግር፤ ሕክምናው ያለቀበት ቀን።

4. ሦስት ቅጂ አድርጉ። አንዱ ፎልደሩ ውስጥ፣ አንዱ በስልካችሁ ፎቶ፣ አንዱ ያ ሰው ጋ ይቀመጥ።

*ፋይሉ ጠፍቷል ቢሏችሁ።* እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። አትቁረጡ። ወላጆቻችሁ ቤት ያስቀመጡት የድሮ ማዘዣና የላቦራቶሪ ወረቀት ካለ ሰብስቡ። ያከማችሁ ሐኪም አሁን ሌላ ቦታ ቢሠራም አፈላልጉት። የካንሰሩ ዓይነትና ዓመቱ ከታወቀ፣ ያኔ በዚያ ሆስፒታል ለዚያ በሽታ ይሰጥ የነበረው የመድኃኒት ስብስብ ምን እንደነበር የካንሰር ሐኪም ሊገምት ይችላል።

ሰውነታችሁም ማስረጃ ነው። መስታወት ፊት ቁሙና ቆዳችሁን እዩ። ከትከሻ በታች ደረት ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ የመድኃኒት ቱቦ የገባበት ልትሆን ትችላለች። ደረት፣ ሆድ ወይም ጀርባ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ሰማያዊ ወይም ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ጨረር ሲሰጥ ቦታው እንዳይሳሳት በንቅሳት የሚደረግ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዲት የማውቃት ልጅ 24 ዓመት ሙሉ ማርያም የሳመቻት ነጥብ ይመስላት ነበር።

*ወረቀቱን ማታ፣ ብቻችሁን አታንብቡ።* ቀን፣ ከዚያ ሰው ጋር አንብቡት። እኔን ያስለቀሰኝ የመድኃኒቱ ዝርዝር አልነበረም። አንዲት ነርስ በእጅ ጽሑፏ "ልጁ ዛሬ ትንሽ በልቷል" ብላ የጻፈችው መስመር ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ ወረቀቱን እጠፉትና ወጣ በሉ። በሌላ ቀን ትቀጥላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ወደ ቀጠሮ ቀይሩት

ካንሰሩ ቢጠፋም ሕክምናው ከዓመታት በኋላ የሚታይ ጉዳት ሊተው ይችላል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በልጅነታቸው ታክመው የዳኑ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበትና በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከ10 ሰዎች 6ቱ ገደማ ቢያንስ አንድ የቆየ የጤና ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ቁጥሩን የጻፍኩት ለማስፈራራት አይደለም። ብዙው በጊዜ ከተደረሰበት ሊያዝ የሚችል ስለሆነ ነው።

ከዚህ በታች የእናንተን ፈልጉ። የማይመለከታችሁን ዝለሉ።

- ዶክሶሩቢሲን፣ ዳውኖሩቢሲን ወይም ደረት ላይ ጨረር፦ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ)። በድምሩ 250 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ከፍተኛ አደጋ ላይ ይመደባል፤ በየ2 ዓመቱ መታየት አለበት። ዝቅ ላለ መጠን የጊዜው ርቀት ይሰፋል፤ ሐኪሙ ይወስን።
- ደረት ላይ ጨረር፣ ሴቶች፦ 10 ግሬይና ከዚያ በላይ ከሆነ የጡት ምርመራ የሚጀመረው በ25 ዓመት ወይም ከጨረሩ 8 ዓመት በኋላ ነው፤ ከሁለቱ የሚዘገየው ይያዛል። "ገና ልጅ ነሽ" ብሎ የሚመልስ ካለ ማጠቃለያውን አሳዩት።
- ሆድ ላይ ጨረር፦ የትልቁ አንጀት ምርመራ በ30 ዓመት ወይም ከጨረሩ 5 ዓመት በኋላ፣ አሁንም የሚዘገየው።
- አንገት ወይም ጭንቅላት ላይ ጨረር፦ በየዓመቱ የታይሮይድ የደም ምርመራ። ጭንቅላት ላይ ከሆነ የሌሎች ሆርሞኖችም ይጨመራል።
- ሲስፕላቲን፦ የጆሮ እና የኩላሊት ምርመራ። ጫጫታ ውስጥ ሰው የሚለው አልሰማ ካላችሁ "ትኩረት ስለሌለኝ ነው" ብላችሁ አትለፉት።
- ብሊዮማይሲን፦ ሳንባ። ለየትኛውም ቀዶ ሕክምና ስትገቡ ለሰመመን ሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በብዛት የሚሰጥ ኦክስጅን ሳንባችሁን ሊጎዳ ይችላል።
- ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም አይፎስፋማይድ፦ ፊኛ እና የመውለድ አቅም። ሽንታችሁ ላይ ደም ካያችሁ አትቆዩ።
- ቪንክሪስቲን፦ የእግርና የእጅ ነርቭ። መደንዘዝ ወይም መውረር ካለ ባዶ እግር አትሂዱ።
- ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ለረጅም ጊዜ፦ አጥንት። ስትራመዱ የሚብስ የዳሌ ወይም የብሽሽት ሕመም ካለ መሮጡን ትታችሁ ታዩ። መጀመሪያ ላይ ተራ ራጅ ላያሳየው ይችላል፤ ኤምአርአይ ቶሎ ያገኘዋል።

ሐኪም ጋ ስትቀርቡ "ቼክአፕ ፈልጌ ነው" ማለት አይበቃም። እንዲህ በሉ፦ "በ8 ዓመቴ ለደም ካንሰር ታክሜያለሁ፤ ማጠቃለያዬ ይኸው። ከወሰድኩት መድኃኒት አንጻር በየስንት ጊዜ ምን መመርመር አለብኝ?" መልሱን እዚያው ጻፉ። ከክፍሉ ሳትወጡ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ካላንደር ላይ አስገቡ።

*ሐኪሙ ጉዳዩን ካላወቀው።* ይህ ያጋጥማል፤ በተለይ ከሕፃናት ክፍል ወጥታችሁ አዋቂዎች ክፍል ስትገቡ። አትጣሉ። ወደ ልብ ሐኪም ወይም ወደ ካንሰር ሐኪም ሪፈር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ፍርሃቱን አስቀድማችሁ ያዙት

ቀጠሮ የሚያስቀረን ፍርሃት ነው። የአልኮል ጥጥ ሲሸታቸው የሚያስመልሳቸው አሉ፤ የሆስፒታል ኮሪደር ሲያዩ እጃቸው የሚያልብ አሉ። አእምሮ ረስቶታል ብላችሁ የምታስቡትን ሰውነት ይዞት ይቆያል። ይህ ድክመት አይደለም፤ በልጅነቱ የታመመ ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ከቀጠሮው አንድ ሳምንት በፊት

1. የፈራችሁትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ፈርቻለሁ" ሳይሆን "ኢኮው ላይ ልቤ ደክሟል እንዳይሉኝ ፈርቻለሁ።" ስም የወጣለት ፍርሃት ለሐኪም ሊነገር ይችላል።
2. የጭንቀት ሰዓት መድቡ። በቀን 15 ደቂቃ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከመኝታ ርቆ። ከዚያ ውጭ ሐሳቡ ሲመጣ "11 ሰዓት ላይ" በሉትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እምቢ ይላል። ቀጥሉበት።
3. ውጤት በየትኛው ቀን እንደሚደርስና በስልክ ይሁን በአካል እንደሚነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። "እንደውልልሃለን" የሚለውን ብቻ ይዞ መቀመጥ ሰው ይጨርሳል።
4. ኢንተርኔት ላይ ምልክት መፈለግ ከዚያ ቀን ጀምሮ አቁሙ። ካልቻላችሁ ያ ሰው ይፈልግላችሁ።

በቀጠሮው ቀን

ከቤት ስትወጡ ወደ ውስጥ 4 ሰከንድ ሳቡ፣ ወደ ውጭ 6 ሰከንድ ልቀቁ። አምስት ደቂቃ ያህል። የአልኮሉ ሽታ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የምትወዱትን ሽታ መሐረብ ላይ ነክታችሁ ያዙ።

መርፌ ሲወጋችሁ የሚያዞራችሁና የምትወድቁ ከሆነ ይህን ሞክሩ። የማይወጋውን እጅ፣ ሆድና እግራችሁን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጡንቻውን አጠንክራችሁ ወጥሩ። ከዚያ 20 ሰከንድ ገደማ ፍቱ። አምስት ጊዜ ድገሙት። የደም ግፊታችሁ ድንገት እንዳይወርድ ያግዛል። የሚወጋው እጅ ግን ልል ይሁን። ለነርሷም "መርፌ ያዞረኛል፤ ተኝቼ ልወጋ" በሏት። ይህን ስትሉ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም።

በየዕለቱ የሚመጣው "ተመልሶ ይሆን?"

ለተራ ሕመም የሁለት ሳምንት ደንብ ይኑራችሁ። ጉሮሮ፣ ጀርባ፣ ድካም ሲሆን ቀኑን ጻፉና በተለመደው መንገድ ተንከባከቡት። በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ደውሉ። ይህ ደንብ ከሁለት ነገር ያድናል፦ በየቀኑ ሐኪም ጋ ከመሮጥ፣ እንደ እኔ አምስት ወር ከመደበቅ። እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ልብስ የሚያረጥብ የሌሊት ላብ ወይም ሳይታሰብ የሚወርድ ክብደት ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅለትም።

መቼ ባለሙያ?

በአብዛኛው ቀን ለሁለት ሳምንት የሚከብድ ስሜት፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ ሕክምናውን የሚያሳይ ቅዠት፣ ወይም በፍርሃት ምክንያት ሁለት ቀጠሮ መቅረት። ከእነዚህ አንዱ ካለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐሳብንና ድርጊትን እያያያዘ የሚሠራው የንግግር ሕክምና ለብዙዎች ይጠቅማል። ድባቴው መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ማጠቃለያችሁን ለአእምሮ ሐኪሙም አሳዩ፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚነኩ ልባችሁን ማወቅ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። አብሯችሁ ተኝቶ የነበረ፣ ግን ያልዳነ ልጅ ካለ "እኔ ለምን ተረፍኩ?" የሚል ጥያቄ በደስታችሁ ቀን ሳይቀር ሊመጣ ይችላል። ይህን የሐዘን ዕዳ ብቻችሁን አትሸከሙ። የልጁን ስም ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ ንገሩ። የምታስታውሱትን አንድ ነገርም ጨምሩ፤ የሚወደውን መጫወቻ ወይም ሲስቅ እንዴት እንደነበር።

ደረጃ 4፦ ድካሙን መጀመሪያ አስመርምሩ

"ሰነፍ ነኝ" ከማለታችሁ በፊት ደም ተመርመሩ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ማነስ፣ የልብ ድካም፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ እና ድባቴ ሁሉም የሚገለጡት በድካም ነው። ምርመራው ነጻ ካላችሁ ወደዚህ ግቡ።

1. ለአንድ ሳምንት በየሦስት ሰዓቱ ጉልበታችሁን ከ0 እስከ 10 ጻፉ። ጉልበታችሁ ደህና የሚሆንበት ሰዓት ጎልቶ ይወጣል። ከባዱን ሥራ እዚያ አድርጉት።
2. የመነሻ ሰዓታችሁን አንድ አድርጉ፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። መኝታው ቀስ ብሎ ይከተላል። ግባችሁ ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ነው።
3. የቀን እንቅልፍ ካስፈለገ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ ከቀትር በኋላ ብዙም አይዘግይ።
4. ደህና በሆናችሁበት ቀን የሳምንቱን ሥራ በሙሉ አትጨርሱ። ስሕተቱ እዚህ ነው፤ አንድ ቀን ሩጫ፣ ሦስት ቀን አልጋ። ጉልበት ተርፏችሁ አቁሙ።

ትምህርት ላይ የማስታወስና የትኩረት ችግር ካለ፣ በተለይ ጭንቅላት ላይ ጨረር ወይም በጀርባ መርፌ መድኃኒት ከወሰዳችሁ፣ ለአስተማሪያችሁ ተናግራችሁ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ጠይቁ። መጠየቁ መብታችሁ ነው።

ደረጃ 5፦ መንቀሳቀስ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። መድረሻችሁ እሱ ይሁን፤ መነሻችሁ ግን አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ልብን ሊጎዳ የሚችል የካንሰር መድኃኒት (እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ) ወይም የደረት ጨረር ከነበረ ኢኮ ሳትታዩ ከባድ ክብደት አታንሱ። ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ልብ ላይ ድንገተኛ ጫና ያመጣል። አጥንታችሁ የሳሳ ከሆነ መዝለልን ተዉ። እግራችሁ የደነዘዘ ከሆነ ሚዛን የሚፈልግ እንቅስቃሴ ግድግዳ ይዛችሁ ሥሩ።

1. *ሳምንት 1 እና 2፦* በቀን 10 ደቂቃ መራመድ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ቢቀልም አትጨምሩ። አሁን የምትሠሩት ሰዓቱን መልመድ ነው።
2. *ሳምንት 3 እና 4፦* 15 ደቂቃ። ፍጥነቱ እያወራችሁ የምትሄዱበት፣ ግን መዝፈን የማትችሉበት ይሁን።
3. *ከሳምንት 5 ጀምሮ፦* በየሳምንቱ በቀን 2 ወይም 3 ደቂቃ ጨምሩ፤ 30 ደቂቃ እስኪሞላ።
4. *ከሳምንት 6 ጀምሮ፦* ሁለት ቀን ቀላል የጡንቻ ሥራ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 8 ጊዜ፣ ግድግዳ መግፋት 8 ጊዜ፤ አርፋችሁ አንድ ጊዜ ድገሙ። እየተነፈሳችሁ ሥሩ።

*ልብ ሲመታ ብትደነግጡ።* ይህች ናት ብዙዎቻችንን ያስቆመችን። ስትራመዱ ልብ መፍጠኑ ሥራው ነው። ቁሙ፣ ትንፋሻችሁን አውጡ፣ ሰዓት ያዙ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየረገበ ከመጣ በቀስታ ቀጥሉ። ቁማችሁም የሚዘል፣ የተዘበራረቀ፣ ወይም ከማዞርና ከደረት ሕመም ጋር የመጣ ከሆነ የዕለቱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የእኔ አምስት ወር ያለቀው እንዲህ ነው፤ ኢኮው ላይ ልቤ ደህና ነበር፣ ዝላዩ ከጭንቀት ነበር። ብመረመር ኖሮ በአንድ ሳምንት አውቀው ነበር።

*አንድ ሳምንት ብታቋርጡ።* ካቆማችሁበት አትጀምሩ። ሁለት ሳምንት ወደኋላ ተመልሳችሁ ግቡ።

ደረጃ 6፦ አጭር ግን የማይታለፍ

ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ቬፕ፦ አይሆንም። ደረቱ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ሲያጨስ የሳንባ ካንሰር አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። የምታጨሱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ለማቆም የሚረዳ ሕክምና አለ። መጠጥ ቢቀር ይመረጣል፤ ጉበትና ልብ ላይ ጉዳት ካለ ደግሞ ጨርሶ። ኢነርጂ ድሪንክ ልባችሁ ሳይታይ አትጠጡ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። አትክልትና ፍራፍሬ አብዙ፣ ጨውና ስኳር ቀንሱ። "ካንሰር ያጠፋል" ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትና ቅጠል ግን አትግዙ። ጉበትና ኩላሊታችሁ ያሳለፉትን ታውቃላችሁ።

ክትባታችሁ በኬሞው ተሽሮ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። የኤችፒቪ ክትባት ለወንዱም ለሴቷም ይመከራል። ጣፊያ የሌለው ሰው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልገዋል። ጨረር ያረፈበትን ቆዳ ከፀሐይ ሸፍኑ፣ ክፍት ከሆነ የፀሐይ መከላከያ አቅሙ (SPF) 30 የሆነ ቅባት ቀቡት። አዲስ እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ካያችሁ አሳዩ።

ደረጃ 7፦ ከሰው ጋር

ከወላጆች ጋር። ሁሉን ቀጠሮ እናት የምታስታውስበት ቤት ብዙ ነው። በአንድ ቀን ልንነጥቃት ብትሉ ትፈራለች፤ የፈራችበት ምክንያትም አላት። ቀስ በቀስ ተረከቡ። የመጀመሪያው ወር ላይ "እማዬ፣ ዛሬ እኔ ልደውል፤ አንቺ አጠገቤ ሁኚ" በሏት። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ከሐኪሙ ጋር ብቻችሁን ሁኑ፤ ከዚያ ትግባ። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ወሲብና ስለ ድባቴ የሚወራው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ከፍቅረኛ ጋር። በመጀመሪያው ቀን የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ነገሩ ቁም ነገር እየሆነ ሲመጣ ግን አታዘግዩ። አጭር ይሁን፦ "ልጅ እያለሁ ካንሰር ታምሜ ድኛለሁ። በየዓመቱ ክትትል አለኝ። መጠየቅ የምትፈልጊው ካለ ጠይቂኝ።" ከዚያ ዝም በሉ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ብትደነግጥ ለአንድ ሁለት ቀን ጊዜ ስጡ። የሸሸ ካለ ያማል፤ ለዚያ ሰው ደውሉ፣ አትደብቁት።

ስለ መውለድ። በግምት አትኑሩ። ለወንዶች የዘር ፈሳሽ ምርመራ አለ፤ ለሴቶች የሆርሞን ምርመራ አለ። ሴቶች ላይ የወር አበባ ከተለመደው ቀድሞ ሊቆም ስለሚችል ጥያቄውን ለ30ዎቹ አታቆዩት። በሌላ በኩል "አልወልድም" ብላችሁ ራሳችሁ ደምድማችሁ መከላከያ አትተዉ፤ የወር አበባ የተዛባባት ሴትም ልታረግዝ ትችላለች። ልብን ሊጎዳ የሚችል የካንሰር መድኃኒት ወይም የደረት ጨረር የወሰደች ሴት ከማርገዟ በፊት፣ ካልሆነም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኢኮ ትታይ።

ደረጃ 8፦ ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ፈተና ይመጣል፣ ሥራ ይቀየራል፣ ሐዘን ይገባል። ሁሉን ነገር መልሳችሁ ለመያዝ አትሞክሩ። በዚህ ተራ አንሱ፦

1. ያመለጠ ቀጠሮ ካለ ዛሬ ደውላችሁ አዲስ ቀን ያዙ። ማብራሪያ አይጠየቅም፤ "ቀርቻለሁ፣ ሌላ ቀን ስጡኝ" ይበቃል።
2. የመነሻ ሰዓታችሁን አስተካክሉ።
3. አሥር ደቂቃ ተራመዱ። ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት።

ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ እዚያው ቦታ ላይ ከወደቃችሁ ችግሩ ልማዱ ላይ ላይሆን ይችላል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ምን እንደፈራችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ማጠቃለያችሁን በዓመት አንዴ አድሱ፤ አዲስ ውጤት፣ አዲስ መድኃኒት፣ የተቀየረ ስልክ። ለዚህ ሕክምናችሁ ያለቀበትን ቀን ምረጡ። ከስምንቱ መስመሮች የመጨረሻው ላይ ጽፋችሁታል። ካላንደሩን አሁን ክፈቱና በየዓመቱ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ።